ከ1978 በፊት በተሰራ ቤት ከሕፃን ጋር የምትኖሩ፣ መስኮቱን ከፍ አድርጉና ቦዩን እዩት

አማርኛ ለመጻፊያውም ለብረቱም ያለው አንድ ቃል ነው፤ እርሳስ። ለዚህ ነው ከልጄ ሐኪም ቢሮ ተደውሎ አስተርጓሚዋ «ደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል» ስትለኝ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ትልቋ ልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ የሆነው። አኝኮባት ይሆናል ብዬ እርሳሶቿን አንድ በአንድ አየኋቸው። በኋላ ነው የገባኝ። የመጻፊያው እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም። የተባለው ብረቱ ነው፤ ድሮ የቤት ቀለም ውስጥ ይጨመር የነበረው።

ልጄ ያኔ 13 ወሩ ነበር፣ ድክ ድክ ማለት የጀመረ ሰሞን። ከጣቱ ጫፍ የተወሰደው ደም 7 አለ፣ ከደም ስሩ ተወስዶ ሲደገም 6 ሆነ። ቁጥሩ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ስንት ማይክሮግራም እርሳስ እንዳለ ነው የሚናገረው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከ2021 ጀምሮ 3.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ልጁ ክትትል ያስፈልገዋል ይላል። ለሕፃን ችግር የለውም ተብሎ የተረጋገጠ መጠን ደግሞ ጭራሽ የለም። ልጄ ግን ይበላል፣ ይስቃል፣ ይተኛል። ምንም የሚታይበት ነገር አልነበረም። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ጉዳቱ አእምሮ ላይ ነው፤ በትምህርትና በጠባይ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ የሄደው አይመለስም።

ይህን የምጽፈው በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በአሮጌ ቤት ለምትኖሩ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም ብታነቡት ይጠቅማችኋል፣ የፌደራሉ ሕግ ሁላችንንም ያገኘናል። ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

የኛ ቤት በ1920ዎቹ የተሰራ ነው። ስንረከበው ግድግዳው አዲስ ተቀብቶ ነጭ ሆኖ ነበር፣ የተላጠ ቀለም አንድም ቦታ አይታይም። ታዲያ ከየት መጣ? እናቴ ያኔ ከአዲስ አበባ መጥታ ልጁን ትይዝልን ነበር። ጠዋት ጠዋት ቤቱ ይናፈስ ብላ የሳሎኑን መስኮት ወደ ላይ ገፍታ ትከፍታለች፣ ማታ ትዘጋለች፣ ወለሉን ትጠርጋለች። ልጁ መስኮቱ ስር ይቆምና ደፉን በሁለት እጁ ይዞ የሚያልፉትን መኪናዎች ያያል። ደፉን ይልሰዋል። ስንት ጊዜ ፎቶ አንስቼዋለሁ።

ሊመረምር የመጣው ባለሙያ ግድግዳውን ብዙም አላየም። በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከፍ አድርጎ የእጅ ባትሪውን ታች ያለው ቦይ ላይ አበራ፤ መስኮቱ ሲዘጋ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ማለቴ ነው። ቦዩ ውስጥ ግራጫ፣ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ አቧራ ተኝቷል። ከላዩ የደረቀች ዝንብና ጥፍር የምታክል የተላጠች ቀለም። የመስኮቱ ጎንና ጎን ሲፋተግ የላይኛው ነጭ ቀለም ተፍቋል፣ ከስሩ ቢጫ፣ ከቢጫው ስር አረንጓዴ፣ ከዚያም ስር ሌላ ነጭ፤ የመቶ ዓመት ቀለም እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ። «ይሄ ነው» አለኝ። መስኮቱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር አሮጌው ቀለም ይፈጫል። ነፋስ ሲነፍስ ወደ ቤት ይገባል። መጥረጊያው ደግሞ ከወለሉ አንስቶ አየር ላይ ይበትነዋል።

እናቴ ይህን ስትሰማ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «እማዬ፣ አንቺ በምን ታውቂያለሽ» አልኳት። እኔም አላውቅም ነበር። ውሉ ውስጥ ግን ስለዚህ ጉዳይ ብቻ የተጻፈ አንድ ገጽ ነበር፣ ፊርማዬም ከታች አለበት። ሳላነብ ነው የፈረምኩት።

ስለዚህ ከዚያች ገጽ እንጀምር።

አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሰራውን አብዛኛውን መኖሪያ ቤት ሕጉ ይመለከተዋል፤ ቤቱ ባረጀ ቁጥር ደግሞ እርሳስ የመኖሩ ዕድል ይጨምራል። የቤታችሁን ዕድሜ አከራዩን መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። የአካባቢያችሁ የንብረት ግብር መዝገብ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ አድራሻውን ስታስገቡ የተሰራበት ዓመት ይወጣል። በ1992 በወጣው የፌደራል ሕግ መሠረት አከራይም ሻጭም ከመፈራረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ማድረግ አለባቸው። ስለ እርሳስ የሚያውቁትን በጽሑፍ መናገር፣ ያላቸውን የምርመራ ሪፖርት መስጠት፣ ቤተሰብን ከእርሳስ ስለመጠበቅ የሚያስረዳውን የመንግሥት መጽሔት ማስያዝ። ቤት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ በራሳችሁ ወጪ ለማስመርመር 10 ቀን ይሰጣችኋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቅጹ ላይ አከራዩ «አላውቅም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካደረገ ቤቱ ነፃ ነው ማለት አይደለም። አልተመረመረም ማለት ነው። የፌደራሉ ሕግ የሚያውቀውን ይናገር ነው የሚለው፣ መርምር አይለውም። የኛም ቅጽ ላይ የነበረው ያ ምልክት ነው።

ዲሲ ውስጥ ግን ሕጉ ከዚህ ይጠነክራል። ከ6 ዓመት በታች ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤተሰብ ከ1978 በፊት የተሰራ ቤት ሊከራይ ሲል፣ አከራዩ ባለፉት 12 ወራት ውስጥ የተሰራ፣ ቤቱ ከእርሳስ አደጋ ንጹሕ መሆኑን የሚያሳይ ሪፖርት መስጠት አለበት። ከገባችሁ በኋላ ካረገዛችሁ ወይም ልጅ ከመጣ በጽሑፍ አሳውቁት፤ ከዚያ 30 ቀን አለው። ቃሉን ልድገመው፣ በጽሑፍ። ለጥበቃው ወይም ለጥገና ሠራተኛው በቃል መናገር አይቆጠርም። እኔ በቃል ተናግሬ ሁለት ወር ጠብቄያለሁ፣ ማንም የሰማኝ የለም። ኢሜይል በላክሁ በሳምንቱ ተደወለ። ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም፤ «እዚህ ቁጥር ቤት ነው የምኖረው፣ ቤቱ ከ1978 በፊት የተሰራ ነው፣ ከ6 ዓመት በታች ልጅ አለኝ፣ በዲሲ ሕግ መሠረት የእርሳስ አቧራ ምርመራ ሪፖርቱን በ30 ቀን ውስጥ ስጡኝ» ይበቃል። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይጻፍላችሁ፣ ቀኑ ይኑርበት፣ ቅጂው እናንተ ጋር ይቅር።

ሜሪላንድ ደግሞ መንገዷ ሌላ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ባልቲሞር፣ ከ1978 በፊት የተሰራ የሚከራይ ቤት በስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት መመዝገብ አለበት። ተከራይ በተቀየረ ቁጥርም ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ያገኛል። ሕጉ የ1994 ነው፤ በፊት ከ1950 በፊት የተሰሩትን ብቻ ነበር የሚያስገድደው፣ ከ2015 ጀምሮ ግን እስከ 1978 ያሉትን አካቷል። ስለዚህ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት «የእርሳስ ምስክር ወረቀቱን ላየው» በሉ። ቀለም ተልጦ ካያችሁ ወይም የልጁ ደም ከፍ ካለ በአደራ ደብዳቤ አሳውቁ፣ አከራዩ 30 ቀን ነው ያለው። ቨርጂኒያ በአብዛኛው በፌደራሉ ሕግ ነው የምትሄደው። ብዙ ሰው «ከጠየቅኩ ያስወጡኛል» ብሎ ይፈራል፣ ስጋቱ ይገባኛል። ዲሲም ሜሪላንድም ግን ለዚህ ብሎ ተከራይን መበቀል በሕግ የተከለከለ ነው።

አሁን ወደ አቧራው ቁጥር። የፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ ኢፒኤ፣ በ2001 ያወጣው ልክ በአንድ ካሬ ጫማ ወለል ላይ 40 ማይክሮግራም፣ በመስኮት ደፍ ላይ 250 ነበር። በ2019 ወደ 10 እና 100 ወረደ። ልክ ያልነው ቁጥር የቱን ያህል ልጅ ሳይቆጥር እንዳለፈ እዚህ ላይ ማሰብ ያማል። በ2021 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ አደገኛ የሚባለው መጠን በጤና ብቻ ይወሰን፣ ለሥራ ይቀላል ወይስ ይከብዳል በሚል አይሁን ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኦክቶበር 2024 የአሁኑ ደንብ ወጣ። በዚህ ደንብ ዕውቅና ያለው ቤተ ሙከራ ሊለካው የቻለው ማንኛውም የእርሳስ አቧራ አደጋ ተብሎ ይመዘገባል። እርሳስ የማስወገድ ሥራ ከተሰራ በኋላ ደግሞ ወለሉ ከ5፣ ደፉ ከ40፣ ቦዩ ከ100 ማይክሮግራም በታች ካልሆነ ሥራው አላለቀም። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ጃንዋሪ 12 ቀን 2026 ነው። ሪፖርት ሲሰጣችሁ ቀኑን እዩ፤ የድሮ ወረቀት ላይ «አልፏል» የሚለው በድሮው ቁጥር ሊሆን ይችላል።

5 ማይክሮግራም ምን ያህል ነው? አንድ ግራም እርሳስ ፈጭታችሁ በዚህ መጠን ብትበትኑት ከሁለት የእግር ኳስ ሜዳ በላይ ይሸፍናል። በዓይን አታዩትም ማለት ነው። «ቤቴ ንጹሕ ነው» የሚለው መልስ ለዚህ አይሰራም።

ለማወቅ ያለው መንገድ በማበሻ ጠርጎ ቤተ ሙከራ መላክ ነው። ለሕግ የሚያገለግለው ፈቃድ ያለው መርማሪ የወሰደው ናሙና ብቻ ነው፤ ከአከራይ ጋር ክርክር ካላችሁ መርማሪ አስመጡ። ለራሳችሁ ማወቅ ብቻ ከፈለጋችሁ ግን ኢፒኤ ዕውቅና ከሰጣቸው ቤተ ሙከራዎች ማበሻና የናሙና ቱቦ አስመጥታችሁ ራሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። የሕፃን ማበሻ አትጠቀሙ፣ እነሱ የላኩትን ብቻ። ከማጽዳታችሁ በፊት ውሰዱ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው ብላችሁ ወልውላችሁ ሳይሆን። ልጁ በብዛት የሚጫወትበት ወለል ላይ አንድ ጫማ በአንድ ጫማ፣ ማለትም 30 በ30 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በማስኪንግ ቴፕ አራት ማዕዘን ሥሩ። አዲስ ጓንት አድርጉ። ማበሻውን ጠፍጣፋ ዘርግታችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ሳታቋርጡ ውረዱ፣ ቆሻሻው ወደ ውስጥ እንዲሆን እጠፉት፣ አሁን ከላይ ወደ ታች፣ እንደገና እጠፉና ማዕዘኖቹን። ከዚያ ቱቦው ውስጥ ከታችሁ የክፍሉን ስም ጻፉበት። ለደፍና ለቦይ ደግሞ የጠረጋችሁትን ርዝመትና ስፋት ለክታችሁ ላኩ፣ ያለዚያ ውጤቱ አይሰላም። ለእያንዳንዱ ቦታ ጓንት ቀይሩ፤ የመስኮቱን አቧራ ይዛችሁ ወለሉ ላይ ከሄዳችሁ ውጤቱ ይዛባል።

ውጤቱ እስኪመጣ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። መጥረጊያውን አስቀምጡት። ሄፓ የሚባል፣ የላመ አቧራ የሚይዝ ማጣሪያ የሌለው ቫኪዩምም አትጠቀሙ፣ በፊት ለፊት ውጦ በኋላው በኩል ይረጨዋል። በሁለት ባልዲ ነው የሚጸዳው፤ በአንዱ ሳሙና ያለው ውሃ፣ በሌላው ማለቅለቂያ። ጨርቁን በየጊዜው ማለቅለቅ፣ ማለቅለቂያውን ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ውሃውን ሽንት ቤት መድፋት። ቦዩንና ደፉን በወፍራም የወረቀት ማበሻ ጠርጋችሁ ማበሻውን ወዲያው ላስቲክ ውስጥ ከታችሁ ጣሉት። ጫማ በር ላይ ማውለቁን አብዛኞቻችን ስለምናደርገው ደስ ይለኛል። የልጁን አልጋና መጫወቻ ከመስኮቱ አርቁ። መስኮቱን እስኪሠራ ድረስ ዝጉት፣ በሌላ አናፍሱ። እጁን ከምግብ በፊትና ከመኝታ በፊት በሳሙና አጥቡት። ይህ ሁሉ ግን ማስታገሻ ነው፣ መስኮቱ እስካለ ድረስ አቧራው ይመለሳል።

ጥገናው ራሱ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ጊዜ ነው። አሮጌ ቀለም የሚፋቀው፣ ግድግዳ የሚሰበረው ያኔ ነው። ከኤፕሪል 2010 ጀምሮ ከ1978 በፊት በተሰራ ቤት ውስጥ ለክፍያ የሚሰራ ሰው ከኢፒኤ ወይም ከስቴቱ የምስክር ወረቀት ያለው ድርጅት መሆን አለበት። ይህ የሚጀምረው በአንድ ክፍል ከ6 ካሬ ጫማ በላይ የተቀባ ቦታ ሲነካ ነው፣ በውጭ በኩል ከ20 በላይ ሲሆን። መስኮት መቀየር ግን ትንሽም ቢሆን ሁልጊዜ ይካተታል። ሠራተኞቹ ሲመጡ የምታዩትን ልንገራችሁ። ወለሉ ላይ ከሥራው ቦታ 6 ጫማ የሚያልፍ ላስቲክ መነጠፍ አለበት፣ በሩ መሸፈን አለበት፣ የአየር ማስገቢያው መዘጋት አለበት። ቀለም በእሳት ማቃጠል ክልክል ነው። ሄፓ በሌለው ማሽን መፋቅም ክልክል ነው። ማሽኑ እየጮኸ ክፍሉ ጉም ከመሰለ ልጁን ይዛችሁ ውጡ፣ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ደውሉ። ደንቡ በመጨረሻ የሚጠይቀው በነጭ ጨርቅ ጠርጎ ከማነጻጸሪያ ካርድ ጋር ማስተያየት ነው፣ የቤተ ሙከራ ምርመራ አይደለም። ስለዚህ አከራያችሁን ወይም ኮንትራክተራችሁን አስቀድማችሁ «ሲያልቅ የአቧራ ናሙና ይወሰድልኝ» ብላችሁ ውሉ ውስጥ አስገቡት።

በእጅ ሙያ ለምትኖሩ ወንድሞቼም አንድ ቃል። ቀለም ቅብ፣ በርና መስኮት ሥራ ላይ ያላችሁ፣ የመጀመሪያው ስልጠና የ8 ሰዓት ነው፣ አንድ ቀን። ከቅጣቱም በላይ የሥራ ልብሳችሁ ላይ ያለው አቧራ ማታ ልጅ ስታቅፉ የሚሄደው ወደ ልጁ ነው። ልብስና ጫማ ሥራ ቦታ ይቀየር፣ ለብቻው ይታጠብ። ቤታችሁ ልጅ የምትጠብቁ እህቶቼ ደግሞ፣ አንድ ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን፣ በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ሰዓት፣ በዓመት 60 ሰዓት የሚውልበት አሮጌ ቤት የጥገናው ደንብ ሙሉ በሙሉ ይመለከተዋል። አዲስ አበባ ቤት እያሠራችሁ ከሆነም ቀለሙን በስልክ ብቻ አትዘዙ። ኢትዮጵያ በ2018 ባወጣችው ደንብ ቀለም ውስጥ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) በላይ እርሳስ አይፈቀድም፣ አሜሪካም ያለችው በዚያው ልክ ላይ ነው። በተለይ የዘይት ቀለም ከሆነ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሰው ያንብብላችሁ።

የደም ምርመራውን አትዝለሉት። ዲሲ ውስጥ ሕጉ ሁለት ጊዜ ይላል፤ ከ6 እስከ 14 ወር መካከል አንዴ፣ ከ22 እስከ 26 ወር መካከል ደግሞ አንዴ። ሜሪላንድ በ12 እና በ24 ወር። ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ያለው ልጅ የትም ስቴት ቢሆን በ12 እና በ24 ወር መመርመር አለበት። ከጣት የተወሰደ ደም እጅ ላይ ባለ አቧራ ስለሚያሳስት ከፍ ካለ ከደም ስር ይደገም፣ ሳይደገም አትረበሹ። በምግብ የሚገኘው ብረት (አይረን) እና ካልሲየም ያነሰው ልጅ እርሳስን የበለጠ ይመጥጣል፤ ምስር፣ ጎመን፣ ሥጋ፣ ወተት፣ እርጎ አብሉት። ኩል የምትቀቡ ካላችሁም ለሐኪሙ ንገሩ። አንዳንዱ ኩል ራሱ ከእርሳስ ማዕድን ነው የሚሠራው፣ ሕፃን ዓይን ላይ በፍጹም አይደረግም።

የት ትደውላላችሁ? ዲሲ ከሆናችሁ 311 ደውሉና የእርሳስ ጉዳይ ነው በሉ፤ የሚይዘው የከተማዋ የኢነርጂና የአካባቢ መስሪያ ቤት ነው። ለፌደራሉ የእርሳስ መረጃ ማዕከል 1-800-424-5323 ነው። እንግሊዝኛ አልችልም ብላችሁ አትተዉት። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማዋ መስሪያ ቤቶች በአማርኛ ማስተናገድ አለባቸው፣ አስተርጓሚው በነፃ ነው። ስልኩ ሲነሳ «አምሃሪክ ፕሊስ» በሉና መስመሩ ላይ ጠብቁ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ አስተርጓሚ እስኪመጣ አራት ደቂቃ ጠብቄያለሁ።